የጓሮ ወርክሾፕ ቆሻሻ ውሃ በየት ይውጣ? ከሐዋሳ የተጻፈ የሥራ ማስታወሻ

ጥር መጨረሻ፣ እሁድ

ጓሮ ያለችው ወርክሾፔ በብሎኬት የተሠራች፣ ቆርቆሮ የለበሰች አንዲት ክፍል ናት። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ አንዳንዴም ቁም ሣጥን እሠራባታለሁ። አሁን የእጅ መታጠቢያ ሳህን ላስገባላት ነው። ውሃ ማስገባቱ ቀላል ነው፤ ከቤቱ ጀርባ ቧንቧ አለ። ሐሳብ የሆነብኝ ማስወጣቱ ነው።

የጠየቅኳቸው ሰዎች ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው። "ጉድጓድ ቆፍር፣ ድንጋይ ሙላበት፣ አለቀ።" እኔ ግን ከመቆፈሬ በፊት ውሃው ስንት እንደሆነና ምን እንደያዘ ማወቅ እፈልጋለሁ። ይህን ሳያውቁ ጉድጓድ መቆፈር ገንዘብ መቅበር ነው።

ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ በ20 ሊትር ጀሪካን ውሃ እየቀዳሁ ሠራሁ። ሥራ በበዛበት ቀን ሁለት ጀሪካን ያልቃል። 40 ሊትር ማለት ነው። አብዛኛው የእጅ መታጠቢያና የሻይ ብርጭቆ ማለቅለቂያ ነው። የመሮ መሳያ ድንጋይ የሚታጠብበትም አለ፤ እሱ ግራጫ ደቃቅ ጭቃ ይዞ ይወጣል። ኮላና የውሃ ቀለም የነካው ብሩሽ የሚታጠብበት ደግሞ ከአንድ ባልዲ አያልፍም። ቲነር (የቅባት ቀለም ማቅጠኛ) የነካው ጥቂት ነው፤ ግን ከሁሉም የከፋው እሱ ነው።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። የእጅ መታጠቢያው ብዙ ነው፣ ጉዳቱ ትንሽ ነው። የቀለሙ ትንሽ ነው፣ ጉዳቱ ብዙ ነው። ሁለቱን በአንድ ቱቦ ከሰደድኳቸው 40 ሊትሩን ሙሉ አበላሸዋለሁ። እንግዲህ የማወጣው መንገድ ምንም ይሁን ምን፣ ሁለቱ ውሃዎች ከመነሻው ይለያያሉ። ይህ ተወስኗል።

የካቲት መጀመሪያ

ቧንቧ ሠራተኛው ጋሼ መጥተው አዩት። የመጀመሪያ ሐሳባቸው ከቤቱ ሴፕቲክ፣ ማለትም ከቆሻሻ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዱ ጋር ማገናኘት ነው። "ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነገር እያለህ ምን ያስቸግርሃል?" አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ የሚቻል ቢሆን ለእጅ መታጠቢያው ውሃ ከዚህ የተሻለ የለም። ሴፕቲክ ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ሲሞላም የሚመጥ መኪና ይጠራለታል።

ችግሩ ከፍታው ነው። ግቢያችን ወደ ጓሮ ያዘቀዝቃል። ወርክሾፑ ያለው ዝቅተኛው ጥግ ላይ ነው።

በዓይን ግምት መሥራት ስለማልወድ በውሃ ቱቦ ለካነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህን መለኪያ የሚያውቅ ሰው ብዙ ችግር ይቀርለታል። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ውሃ ይሞላል። አንዱን ጫፍ የእህቴ ልጅ ሴፕቲኩ መግቢያ ላይ ያዘ። ሌላውን እኔ ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ያዝኩ። በቱቦው ውስጥ አንዲት አረፋ ካለች ልኩ ይዛባል። ስለዚህ ቱቦውን መሬት ላይ ዘርግተን በጣት እየመታን አረፋዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጫፍ አስወጣናቸው። የመጨረሻዋ ከመሃል አልነቃነቅ ብላ ብዙ አስቸገረች። ከዚያ ውሃው ወደ ላይ ወደ ታች ሲል ቆይቶ ረጋ። "አጎቴ፣ ቆመ!" ሲለኝ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። እኔ ጋ ያለው ውሃና እሱ ጋ ያለው ውሃ በትክክል አንድ ከፍታ ላይ ናቸው። ውድ መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ባለሙያም ከዚህ የተለየ ቁጥር አይሰጠኝም።

ውጤቱ ይህ ነው። የሴፕቲኩ መግቢያ ከወርክሾፑ ወለል በ25 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ከሳህኑ ስር የሚወጣው ቱቦ ከወለሉ 45 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ያለኝ ቁልቁለት 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ርቀቱ 16 ሜትር ነው። ለ50 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ስንሰጠው 32 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። አይበቃም።

ጋሼ "በአንድ አንድ ሴንቲ እንስጠው፣ ይወርዳል" አሉ። ንጹህ ውሃ ቢሆን ይወርድ ነበር። የእኔ ግን ሰጋቱራና የመሳያ ጭቃ አለበት። ዝግ ብሎ የሚሄድ ውሃ ጭቃውን መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ደግሞም ቱቦው ከመሬት በላይ በግቢው መሃል ሊያልፍ ነው። ልጆች የሚሯሯጡበት፣ እናቴ ልብስ የምታሰጣበት ቦታ ነው።

ውሃውን የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ ማድረግም ይቻላል። ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ሳህኑ ሞልቶ ሊቆም ነው። ለ40 ሊትር ውሃ ፓምፕ መንከባከብ አልፈልግም። ሴፕቲኩ ቀረ።

በዚያው ሰሞን

አንድ ጎረቤት "ለምን ወደ መንገዱ ቦይ አትለቀውም? ሁሉም የሚያደርገው እንደዚያ ነው" አለኝ። ክፉ አስቦ አይደለም። ግን ይህን በፍጹም አላደርገውም፤ ምክንያቱንም ጠበቅ አድርጌ ልጻፈው።

የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ ዝናብ ይወርድበታል፣ ጎርፍ ይገባበታል። ከእሱ ተነስቶ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድ ወንዝ ግን የለም። አዋሽ አዳማ አጠገብ ሲያልፍ የያዘውን ይዞ ወደ አፋር ይወርዳል። የእኛ ሐይቅ የተቀበለውን ይዞ ይቀመጣል። ውሃው በፀሐይ ሲተን ቀለሙና ሳሙናው አብሮት አይተንም። በቦዩ የለቀቅኩት ነገር ከቤቴ ርቆ ይሆናል፤ የሚያርፈው ግን ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ የሚገዛ ሰው ሳህን ላይ ነው። እኔም እዚያ ነው የምበላው።

ከከተማው ምሥራቅ ያለውን ጨለለቃንም ማስታወስ ያስፈልጋል። ድሮ ሐይቅ ነበር። ደለል ሞላውና ረግረግ ሆነ። ውሃ ይዞት የሚሄደው ነገር የሆነ ቦታ ማረፉ አይቀርም።

የካቲት፣ የአፈር ሙከራ

ወደ ጉድጓዱ ሐሳብ ተመለስኩ። አፈሩ ምን ያህል ውሃ ያሰርጋል? ሙከራው ቀላል ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል። ማታ ውሃ ይሞላና አፈሩ ጠጥቶ እንዲያድር ይተዋል። ደረቅ አፈር መጀመሪያ ላይ ብዙ ስለሚጠጣ ያሳስታል። ጠዋት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይጨመርና በሰዓት ይለካል።

የብረት ማስመሪያዬን አቁሜ ተንበረከክሁ። ውሃውን ስጨምር ነጫጭ ድንጋዮች ከስር ተነስተው ተንሳፈፉ። ፑሚስ ናቸው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፤ የምንረግጠው መሬት አመድና ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቀላል ድንጋይ ነው። ውሃው 2.5 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ አንድ ደቂቃ እንኳን አልፈጀበትም። መሬቱ እንደ ወንፊት ነው።

ይህን ያየ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። ለቁፋሮ የቀጠርኩት ልጅ ሳይቀር "እንኳን ደስ ያለህ፣ ሁለት ባልዲ በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል" አለኝ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ቆሻሻ ውሃ የሚጣራው በአፈር ውስጥ ሲቆይ ነው። ሳሙናውንና ቅባቱን የሚበሉት ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ጊዜ ይፈልጋሉ። በደቂቃ አልፎ የሚሄድ ውሃ እንደገባ ሆኖ ነው ታች የሚደርሰው። አልሰርግ የሚል ጭቃ አፈር ችግሩ ይታያል፤ ውሃው ደጅ ላይ ይተኛል። በጣም የሚያሰርግ አፈር ችግሩን ይደብቃል።

ታች ያለው ማን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ሩቅ አልሄድኩም።

በማግስቱ፣ የጎረቤት ጉድጓድ

ከአጥሩ ማዶ ያሉት እትዬ በእጅ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ አላቸው። ለመጠጥ አይጠቀሙበትም፤ ልብስ ያጥቡበታል፣ አትክልት ያጠጡበታል። ልይው ብዬ ጠየቅኳቸው። "እየው ልጄ፣ ብቻ ውሃዬን እንዳታበላሽብኝ" አሉና ክዳኑን አነሱልኝ።

ገመድ ላይ ድንጋይ አስሬ ለካሁ። አሁን በበጋው ውሃው ከመሬት በታች 2.5 ሜትር ላይ ነው። ከእሱ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ግን የጉድጓዱ ግንብ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ዙሪያውን ይታያል። ከመስመሩ በታች ድንጋዩ አረንጓዴ ሽበት የመሰለ ነገር ይዟል፣ ከላይ ደረቅ ነው። "ክረምት እዚህ ይደርሳል" አሉኝ እትዬ በጣታቸው እያሳዩኝ። የግቢዎቻችን ከፍታ እኩል ስለሆነ ክረምት ላይ እኔም ጋ ውሃው 1.5 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው።

በአደጋ ጊዜ እርዳታ ሥራ የሚታወቀው የስፊር መመሪያ ስለ ማስረጊያ ጉድጓድ ሁለት ቁጥር ይሰጣል። ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት። ታችኛው ወለሉ ደግሞ ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። እኔ ልቆፍርበት ካሰብኩት ቦታ እስከ እትዬ ጉድጓድ በሜትር ስንለካው 20 ሜትር አልሞላም። አንድ ሜትር ተኩል ብቆፍር ደግሞ ክረምት ላይ ጉድጓዴ ከውሃው ጋር ይገናኛል። የእኔ ሳሙና የእትዬ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሊገባ ነው።

ጉድጓዱም ቀረ። የቀጠርኩትን ልጅ የቀኑን ከፍዬ፣ አመስግኜ ሸኘሁት።

የካቲት መጨረሻ፣ ውሳኔ

እስካሁን ሁሉም ሰው ያወራው ወደ ታች ስለ መውረድ ነው። ወረቀት ላይ ቁጥሮቹን ደርድሬ ሳያቸው መልሱ ወደ ላይ መሆኑ ታየኝ።

የሳህኑ መውጫ ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ሴፕቲኩ ጋ ለመድረስ ያነሰኝ ይህ ከፍታ፣ መሬት ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ የተክል መደብ ጋ ለመድረስ ግን ከበቂ በላይ ነው። ምንም አልቆፍርም። መደቡን ከመሬት በላይ በብሎኬት ከብቤ፣ ደህና አፈር ሞልቼ፣ ውሃውን ከላይ ባለው አፈር ውስጥ እለቀዋለሁ። ሕይወት ያለውና ሥር የበዛበት አፈር እሱ ነው። ክረምት ላይ እንኳን ከከርሰ ምድሩ ውሃ ከ1.5 ሜትር በላይ ይርቃል። ቦታውንም ወደ ወርክሾፑ ሌላኛው ጎን አዙሬ ለካሁት፤ ከእትዬ ጉድጓድ 30 ሜትር አለፈ።

ስፋቱስ? አሸዋማ አፈር ንጹህ ውሃ ሲሰጡት ብዙ ቢጠጣም ቆሻሻ ውሃ ሲለምድ ያቅረዋል። ቅባትና ሳሙና ቀዳዳውን ያጠበዋል። ለአሸዋማ አፈር በቀን በካሬ ሜትር ከ30 እስከ 50 ሊትር፣ ለለም አፈር ወደ 25 ሊትር መያዝ የተለመደ ነው። እኔ ትንሹን፣ 25ቱን ያዝኩ። 4 ሜትር በ60 ሴንቲ ሜትር መደብ 2.4 ካሬ ሜትር ነው። 40 ሊትሬ ሲካፈልበት በካሬ ሜትር 17 ሊትር እንኳን አይሞላም። እንግዳ ቢበዛ፣ ሥራ ቢደራረብ ይችላል።

መጋቢት መጀመሪያ፣ ግንባታ

ብሎኬት ከፍታው 20 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሁለት ረድፍ ተደርድሮ 40 ሆነ። ታችኛው ክፍት ነው፤ ሲሚንቶ አልፈሰሰበትም። አፈር ከመሙላቴ በፊት የነበረውን መሬት በዶማ አላላሁት። በእግር የተጠቀጠቀ መሬት ላይ አፈር ቢደፉበት ውሃው መሃላቸው ሲደርስ ይቆማል፣ በጎን ይወጣል።

ከስር 25 ሴንቲ ሜትር ለም አፈር ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ገባ። በጣም የሚያሰርገውን የእኛን መሬት የሚያዘገይልኝ ይህ ንብርብር ነው። በላዩ ፑሚስ ጠጠር፣ በጠጠሩ መሃል ቀዳዳ ያለው 50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ። ቀዳዳዎቹን በ8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በሳሁ። ቀዳዳው ከላይ አይደለም፣ ቀጥታ ከስርም አይደለም፤ ከስር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነው። ቀጥታ ስር ቢሆን ውሃው ሁሉ በመጀመሪያው ቀዳዳ ያልቃል። መደቡ ውስጥ ያለው ቱቦ ከሞላ ጎደል ልክ ለጥ ብሎ ነው የተኛው፤ ውሃው እስከ ጫፍ ይድረስ ብዬ ነው። ጫፉ ወደ ላይ ታጥፎ ክዳን አለው። ከተዘጋ በዚያ ይጠረጋል። ጠጠሩ ላይ አሮጌ ማዳበሪያ ከረጢት ዘረጋሁ፤ የላይኛው አፈር ወርዶ ጠጠሩን እንዳይሞላው ይይዛል።

በሳህኑና በመደቡ መሃል የደለል ማስቀሪያ አለ። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ 30 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ በርሜል ነው። ጋሼ "ፖዜቶ (የቆሻሻ ውሃ መፈተሻ ሳጥን) በብሎኬት ልሥራልህ" ብለውኝ ነበር፤ ግን በርሜል ተነስቶ ይታጠባል። መውጫው ከመግቢያው በ5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። መውጫው ላይ ከውስጥ ጎሚቶ (እንደ ክርን የታጠፈ የቱቦ መገጣጠሚያ) ወደ ታች ተደፍቶ ተገጥሟል። ጭቃው ከስር ይቀራል፣ ሰጋቱራውና የሳሙና አረፋው ከላይ ይንሳፈፋል፣ የሚያልፈው የመሃሉ ውሃ ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አድርግ ብባል ይህችን ጎሚቶ ነው የምገጥመው።

ክዳኑ ጥብቅ ይሁን ያልኩት ለሽታው ብቻ አይደለም። የወባ አገር ነው። ትንኝ በሞቃት አየር ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል፤ ክፍት በርሜል ደግሞ ምቹ ቤቷ ነው። በተመሳሳይ ምክንያት ሳህኑ ስር ሲፎን፣ ማለትም ውሃ የሚይዝ የታጠፈ ቱቦ አለ። ሲፎኑ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ሽታም ትንኝም አያሳልፍም። ወርክሾፑን ዘግቼ ብዙ ከቆየሁ ስለሚደርቅ ስመለስ አንድ ብርጭቆ ውሃ እጨምርበታለሁ።

ከግድግዳው እስከ በርሜሉ ያለው ቱቦ ከመሬት በላይ ስለሆነ ፀሐይ ያገኘዋል። ፒቪሲ በፀሐይ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ከሥራ የተረፈ ነጭ የውሃ ቀለም ቀባሁት።

በመደቡ ላይ ምን ይተከል የሚለው ቤተሰቡን ሰበሰበ። እናቴ እንሰት አለች። እንሰት ውሃ ይወዳል፣ ግቢም ያሳምራል። ግን ከመሬት ውስጥ ያለው አምቾ ይበላል፤ በዚህ ውሃ የሚበቅል የሥር ምግብ አልፈልግም። ሰላጣ፣ ጎመንና ካሮትም እንደዚያው አይሆኑም። ሙዝ ግን ፍሬው ከላይ ነው፣ ጥማቱም ብዙ ነው። ሙዝና ሴት አኩሪ ተስማማን። እንሰቱ ሌላ ጥግ ተሰጠው።

መጋቢት አጋማሽ፣ ሁለተኛው ውሃ

አሁን ወደ ቀለሙና ኮላው። ይህ ሳህኑ ውስጥ አይገባም። ሳህኑ አጠገብ ክዳን ያላቸው ሁለት ባልዲዎች አሉ። ብሩሹን ከማጠቤ በፊት የጣውላ ቁራጭ ላይ ደጋግሜ እጠርገዋለሁ። ይህ ብቻ ከቀለሙ አብዛኛውን ያስቀራል። ከዚያ መጀመሪያው ባልዲ ውስጥ ይታጠባል፣ ሁለተኛው ውስጥ ይለቀለቃል።

ሲያድር ቀለሙ ከስር ይዘቅጣል። ጠዋት ከላይ ያለውን ጠራ ያለውን ቀስ ብዬ እቀዳዋለሁ፤ ለቀጣዩ ብሩሽ የመጀመሪያ ማጠቢያ ይሆናል። ዝቃጩ ላይ ሰጋቱራ እጨምራለሁ። የእንጨት ሠሪ ሰጋቱራ አይቸግረውም። ሰጋቱራው ይመጥጠዋል፤ ላስቲክ ላይ ተዘርግቶ ሲደርቅ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይሄዳል። ውሃው በጣም ሲደፈርስም መጨረሻው እዚያው ሰጋቱራ ውስጥ ነው። አንዲት ጠብታ ወደ መሬት አትወርድም።

ቲነር በዚህ መንገድ አይሄድም፤ ሰጋቱራ ላይ ማፍሰስ እሳት መጥራት ነው። ክዳን ባለው የብርጭቆ ማሰሮ ይቀመጣል። ቀለሙ ሲዘቅጥ ከላይ ያለው ጠርቶ እንደገና ይሠራል።

ሚያዝያ

ሳህኑ ሥራ ላይ ነው። በርሜሉን ከፍቼ አየሁት። ከስር ሁለት ጣት የሚያህል ግራጫ ጭቃ፣ ከላይ የሰጋቱራ ንጣፍ። ይህ ሁሉ መደቡ ውስጥ ሊገባ የነበረ ነው። መደቡን በጣቴ ጫር አድርጌ ስፈትሸው ከከረጢቱ ስር አፈሩ እርጥብ ነው፣ የተኛ ውሃ የለም፣ አይሸትም። ከብሎኬቱ ስር ወደ ውጭ የወጣ እርጥበትም አላየሁም። ሴት አኩሪው ቶሎ ያዘ። ሙዙ አዲስ ቅጠል እየጠቀለለ ነው።

የበልግ ዝናብ ሲመጣ ግን ሌላ ሥራ አሳየኝ። የወርክሾፑ ጣሪያ ውሃውን የሚያንጠባጥበው በመደቡ በኩል ባለው ጎን ነው። ጣሪያው 24 ካሬ ሜትር ነው። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 720 ሊትር ይወርዳል። ሳህኔ በ18 የሥራ ቀን የሚያወጣው ውሃ በአንድ ከሰዓት መጣ ማለት ነው። መደቡ ለዚያ አልተሠራም። የዝናቡ ውሃ ንጹህ ስለሆነም ከሳሙና ጋር መደባለቅ የለበትም።

አሸንዳ ይገጠማል። ቆርቆሮው ተገዝቷል፤ ውሃው ወደ ሌላኛው ጎን ዞሮ በርሜል ውስጥ ይገባል፣ አፉም በወንፊት ሽቦ ይሸፈናል። ሰኔ ከመግባቱ በፊት መድረስ አለበት። ክረምት ላይ ደግሞ እትዬ ጋ ሄጄ ጉድጓዳቸውን እንደገና በገመድ እለካለሁ። ፈቅደውልኛል።